ነጥቧ የጠፋችበት ቦርድ

እኔ የክር ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አይፍረዱብኝ። ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ስለ ጋሽ አላምንም ነው። እውነተኛ ስሙ ይህ አይደለም፤ ሠራተኛው ነው ያወጣለት። «ሻዩ ፈልቷል» ቢሉት እንኳ ክዳኑን ከፍቶ ያያል።

እኔ እንደገባኝ፣ ክር የሚያዞሩት ትልልቅ ሞተሮች ያለ ልጓም አይሠሩም። ልጓማቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግራጫ ሳጥን ነው፤ ድራይቭ ይሉታል። ፍጥነት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እሱ ነው። በሳጥኑ ሆድ ውስጥ አረንጓዴ ቦርድ አለ። ቦርዱ ከተቃጠለ ሳጥኑም ሞተሩም ሬሳ ነው። የኛ ድራይቮች ደግሞ አርጅተዋል፤ የሠራቸው ኩባንያ ቦርዳቸውን ማምረት ከተወ ቆየ። ስለዚህ ጋሽ አላምንም ከነጋዴውም፣ ከተዘጋ ፋብሪካም፣ ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢም መለዋወጫ ቦርድ ሲለቅም ነው የኖረው።

ተጠራጣሪ ሆኖ አልተወለደም። በወጣትነቱ አንድ ነጋዴ «አዲስ ነው» ብሎ የሚያብለጨልጭ ቦርድ ሰጠው። አምኖ ገጠመው። ለካ የተቃጠለ ቦርድ አጥበው ቫርኒሽ ቀብተውት ኖሯል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ተነሣና፣ ማሽኑ ላይ ክር ይቀጥል የነበረ ጓደኛውን ሦስት ጣት ይዞበት ሄደ። ያ ጓደኛው ዛሬ የበራችን ዘበኛ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰላም ሲባባሉ ጋሽ አላምንም ዓይኑን ከእጁ ላይ ያሸሻል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ከዚያ ወዲህ ቦርድ ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር ብየዳውን አንድ በአንድ ያያል። ከዚያም ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ሞተር ሦስት ቀን ይፈትነዋል። ቦርዱ ካለፈ፣ በጀርባው ጥግ ላይ በሚስቱ የጥፍር ቀለም አንዲት ቀይ ነጥብ ያደርግበታል። ሰው አይቶ እንዳያስመስላት ለማንም አይናገርም። እኔም ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ፣ ራሱ ሲነግረኝ ነው። አንድ ቀን ሚስቱ ጣቱ ላይ ቀለሙን አየችና አፈጠጠችበት።

«የማንን ጥፍር ስትቀባ ዋልክ?»

«የቦርድ ነው።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

ቦርዱን ቤት ድረስ ወስዶ አሳያት። ጥርጣሬም እንደ ጉንፋን ቤት ለቤት ይዞራል መሰለኝ።

ባለፈው ሰኞ የሦስት ቁጥር ማሽን ድራይቭ ተቃጠለ። ለእሱ የሚሆን አንድ ቦርድ ብቻ ነበር። ጋሽ አላምንም መለዋወጫ ከሚቆልፍበት ቁም ሳጥን አወጣው። ገለበጠው። ደግሞ ገለበጠው።

«ይህ የኔ አይደለም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ቦርዱ ይኸው፣ ሳጥኑ ይኸው። ግጠመዋ!»

«ምልክቴ የለበትም። የኔን ወስደው የታጠበ አስቀምጠውልኛል።»

«አሽትተዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«አሽትቼዋለሁ። ቲነር ቲነር ይላል።»

እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን ያጸዳሁት በቲነር፣ በዚያ ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ ነው። የቦርዱ ከረጢት ተቀዶ አቧራ ገብቶበት ስለነበር አውጥቼ በብሩሽ አራገፍኩት። ጀርባው ላይ ቀለም የተፈናጠረበት መሰለኝ፤ አልለቅ ሲለኝ በቲነሩም በጥፍሬም ፈግፍጌ አነሣሁት። ንጹሕ ሆነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ለካ ምልክቱ ያቺ ቀይ ጠብታ ኖራለች።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ጋሽ አላምንም አንገት ላይ፣ ሌላው ግምጃ ቤት ጠባቂው ኪስ ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግምጃ ቤት ጠባቂው ከፍቶልኝ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁሉም ዞረው እሱን አዩት።

«ለጽዳቷ እከፍታለሁ እንጂ ነክቼው አላውቅም» አለ።

«ቦርድና ትሪ በማትለይ ሴት አታመካኝ!» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ጮኸበት።

ግምጃ ቤት ጠባቂው ወደ እኔ አየ። አንገቴን ደፋሁ። እስኪጣራ ከሥራ ታገደ፤ እስከ ሐሙስ ቦርዱን ካላመጣ ለፖሊስ ይሰጣል ተባለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። ማክሰኞ በጋሽ አላምንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። «ምን ታንዣብቢያለሽ?» ሲለኝ ሸሸሁ። ረቡዕም እንደዚያው። ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል፤ ከልጅነቴም እንዲህ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ነጥቧን ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ቅዳሜ በቲነር። ቦርዱ ያው ነው» ይላል።

አነበበው። ወደ መስኮቱ አንሥቶ በብርሃን አየው።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አላምንም። አንቺ መዝገብ ላይ በአውራ ጣት አይደል የምትፈርሚው? ግምጃ ቤት ጠባቂው ነው የላከሽ።»

«ኧረ ማንም አልላከኝም ጋሼ።»

እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። «እስቲ ጻፊ። ያንኑ።»

ቆሜ ጻፍኩ። እሱ እንደ ብየዳ ፊደል በፊደል ተከታተለኝ።

«እሺ፣ መጻፉን ትጽፊያለሽ። ግን አስጠንተውሽም ሊሆን ይችላል። ነጥቧ የት ነበረች?» ብሎ የቦርዱን ጀርባ አዞረልኝ።

ጣቴን ሰደድኩ። «እዚህ፣ ከብሎን ቀዳዳው ጎን። ጠርዟ ወደ ቀዳዳው ፈስሶ ነበር። ውስጥ የገባውን ማውጣት አቅቶኝ ተውኩት።»

አጉሊ መነጽሩን አነሣ። ቀዳዳው ውስጥ የትንኝ ዓይን የምታህል ቀይ ቀርታ ነበር። አያት፣ አያት፣ ከዚያ መነጽሩን አስቀመጠ።

«ቲነሩ ሲሸተኝ ሌላውን ማየት ተውኩ» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ለእኔ የሚናገርም አልመሰለኝ።

ቦርዱን ገጠመው። ሆኖም ሰው ሁሉ ከማሽኑ እንዲርቅ አድርጎ ብቻውን ነው ያስነሣው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ጨመረ፣ በልኩ ፍጥነት ረጋ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዞኝ ገባና፣ «ሌባ የለም። ምልክቴን ደብቄ ሰው ያስበደልኩ እኔ ነኝ» አለ።

ከሰዓት ግምጃ ቤት ጠባቂው ተጠርቶ መጣ። ጋሽ አላምንም ሠራተኛው ሁሉ ፊት «በድዬሃለሁ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» ብሎ ጎንበስ አለ። ግምጃ ቤት ጠባቂው ደግፎ አነሣው፤ አቀፈው። እኔም ይቅርታ ልል ተጠጋሁ።

«እሱስ አያውቅም ነበር» አለኝ። «አንቺ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ አየሽኝ።»

እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን ከፈተልኝ። ወደ ሥራው ግን አልሄደም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ጨርሼ እስክወጣ ድረስ እጄን ሲያይ ቆየ።