ከማደንዘዣው ስነቃ ያወራሁት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መሆኑንና ክረምት እንደነበረ ብቻ አውቃለሁ። ስለ መሬት አቤቱታ ፈርማችኋል ተብለን ከቀይ አፈር ከተማ በጭነት መኪና ጂንካ እስር ቤት አመጡን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮዋ ያንጠባጥባል። በሩ አጠገብ የሽንት ባልዲ አለ።

አቤቱታውን የጻፈልን መምህር ያኔ አልተያዘም ነበር። ለጥያቄ ጠሩኝ። ብዙም አልመቱኝም። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው፤ ብዙም ሳይመቱኝ ስሙን ነገርኳቸው።

በማግስቱ መምህሩ መያዙ ተሰማ። ከእኛ ጋር አንድ ግንበኛ ነበር፤ ሥራ ፍለጋ ከወላይታ የመጣ። ከጥያቄ ሲመለስ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። «እሱ ነው የሸጠው» አሉ እስረኞቹ። ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም የምንበላው ከአንድ ሳህን ነበር። ከሳህኑ አወጡት። ባልዲው አጠገብ ለብቻው በጣሳ ይበላ ጀመር። እኔ ከእነሱ ጋር እጎርስ ነበር።

ከዚያ ታመምኩ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጎን ውጋት። ሆስፒታል ሲወስዱኝ ሐኪሙ «ደረትህ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ ተከፍቶ መውጣት አለበት» አለ። ቤተሰብ መቅረብ ስላልተፈቀደለት ከእስረኛው አንድ አስታማሚ ይምጣ ተባለ። ሳሌ ይጋባል ብለው ፈርተው ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ግንበኛው ተነሣ።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ረጋ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ አለህ? ምግብ ቀምሰሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጠለና፣ «ስትነቃ ልትለፈልፍ ትችላለህ። ብዙ ሰው ይለፈልፋል፤ እንዳትደነግጥ።»

ከቢላው ይልቅ የፈራሁት ይህንን ነው።

ስነቃ ጣሪያው ይዞራል። እግሬ ከአልጋው ጋር ታስሯል። ከጎኔ የወጣ ቱቦ መሬት ላይ ወዳለ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ። ግንበኛው ጠርሙሱን እየጠበቀ ቁጢጥ ብሏል።

«ምን አወራሁ?» አልኩት።

«ላሞችህን ስትጠራ ነበር።»

«ላም የለኝም እኮ።»

«እንግዲህ በማደንዘዣ ገዝተሃል።»

«ሌላስ?»

ጋቢውን አጣጥፎ ቁስሌን ደገፈልኝ። «ሌላውንም ሰምቻለሁ። ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ እያልክ መምህሩን ስትለምነው ነበር። አሁን ሳል።»

ሳልኩ። ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

ነርሷ ሳንባዬ እንዲከፈት የእጅ ጓንት እንደ ፊኛ እንድነፋ ሰጥታኝ ነበር። ሲያቅተኝ እሱ የራሱን ነፍቶ አምስቱን ጣት ያሳየኛል። «ይሄ የላምህ ጡት ነው። በል፣ ያንተን አምጣ!» የሚጠብቀኝ ዘበኛ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ጎኔን ወጋኝ። ቱቦው እስኪነቀል ድረስ እንዲህ አስታመመኝ። ያንን ነገር ዳግም አላነሣብኝም።

ወደ ክፍላችን በተመለስን ቀን ሳህኑ ቀረበ። እሱ ጣሳውን ይዞ ወደ ባልዲው ሄደ።

«ብላ እንጂ ጋሼ፣ ደም ፈስሶሃል» አሉኝ።

ጎኔን ደግፌ ተነሣሁ። «መምህሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ገና ስላልተመለሰ አልሰሙኝም፤ ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ድርሻዬን ቆርሼ ባልዲው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆይተው ግንበኛውን ወደ ሳህኑ ጠሩት። አልሄደም።

«ብላና ትስላለህ» አለኝ።

መምህሩ ከእኛ በኋላ ተፈታ። ቱርሚ ያስተምራል ሲሉኝ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ፤ በሩ ድረስ ደርሼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ሌላ ጊዜ ስሄድ ዐርፏል አሉኝ።

ዛሬም ብርድ ሲሆን ጠባሳው ይይዘኛል። ያኔ ጎኔን በእጄ ደግፌ፣ እንደተማርኩት፣ ቀስ ብዬ እስላለሁ። ያስተማረኝ ሰው ማርቆስ ይባላል። ግንበኛው ማርቆስ።