በሁዳዴ የተቋረጠው ኪኒን

መጀመሪያ ያየሁት የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ይትባረክ በአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ባለው መንደራችን፣ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ውሃ ሳቀብላቸው ጣሳው በእጃቸው ላይ ተርገፈገፈ። ቆይተው በጥር ብርድ ጋቢያቸውን እየጣሉ መቀመጥ ጀመሩ። ደህና ይበላሉ፤ ግን ይከሳሉ። አጠገባቸው ስተኛ የልባቸው አመታት ይሰማኛል። እንቅርቱ ከድሮም አንገታቸው ላይ ነበር። በእኛ አካባቢ እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ ከሕመማቸው ጋር አላገናኘነውም።

ነገሩ የታወቀው ደሴ ሄደን ነው። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመረተ ነበር። በመድኃኒት ልባቸው ከተረጋጋ በኋላ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣ። መሪጌታ የፈሩት ለድምፃቸው እንጂ ለነፍሳቸው አልነበረም። ከሰመመን ነቅተው ስሜን ሲጠሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። አለቀስኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከውሃ ጋር፣ ዕድሜ ልክ።

እኔ የሰማሁት "ዕድሜ ልክ" የሚለውን ነው። እሳቸው የሰሙት "ወጥቶልዎታል" የሚለውን ነው።

ዓመት ያህል በደህና ዋጡ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ኪኒኑን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ተዉት።

"መሪጌታ፣ ኪኒኑስ?" አልኳቸው።

"ዘነበች፣ በሽታው እኮ ወጥቷል። ሰው ሁሉ እየጾመ እኔ በጠዋት ውሃ አልጠጣም።"

"ዕድሜ ልክ ነው ያሉት።"

"ከፋሲካ በኋላ እናያለን" ብለው ወጡ።

ክፋቱ፣ መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ በረዳቸው። ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርበው ቢቀመጡም አይሞቃቸውም። ፊታቸው አበጠ፤ ጎረቤት "ጾሙ ተስማምቷቸዋል" ይለኛል። ቆዳቸው ደረቀ። አንድ ነገር ጠይቄያቸው መልሱ እስኪመጣ ሽሮውን አማስዬ አወጣለሁ። ከዚያ ድምፃቸው ሻከረ። ሰው ሁሉ በቀዶ ሕክምናው አመካኘ። እሳቸውም "ድምፄን ሰጥቼ ነፍሴን አተረፍኩ" ብለው ተቀበሉት። እኔ አልተቀበልኩትም። ከሰመመን ሲነቁ የሰማሁትን ድምፅ አውቀዋለሁ።

የሆሳዕና ዕለት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ጠፋባቸው። ዜማውን ሌላ ሰው ተቀበለ። እሳቸው እንደቆሙ አንቀላፉ።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። በሰሞነ ሕማማት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይዤ ከተማ መውረዴ እንደሚያስወራብኝ አውቅ ነበር። ስለ ኪኒኑ ነገርኳቸው። ጠይቀውኝ ሲጨርሱ ተነስተው አብረውኝ መጡ።

"መሪጌታ፣ ቤተ ክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ጾም አትጭንም። መድኃኒትም ምግብ አይደለም። ነገ ከባለቤትዎ ጋር ይሂዱ" አሏቸው።

መሪጌታ ቆይተው "እሺ" አሉ። ቢከራከሩ ይሻለኝ ነበር።

ውጫሌ ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ደሴ ሄድን። መሪጌታ በልጅነታቸው የተማሩት ሐይቅ ነው። በዚያ ባለፍን ቁጥር ውሃው ብቅ ሲል ያማትባሉ፤ የተማሩበትን ያሳዩኛል። ያን ቀን "ሐይቅ ደረስን" አልኳቸው። ቀና አላሉም። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም ናት። የልብ ምታቸውን ቆጠረች። ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ አደረገች፤ እግራቸው ብድግ ብሎ በጣም በዝግታ ተመለሰ። የአንገታቸውን ጠባሳ አይታ "ኪኒኑን ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነ?" አለች።

"ከሁዳዴ ጀምሮ" አልኩ።

ወረቀት አውጥታ አንገትና ጭንቅላት ሣለች። እንዲህ አለችን፤ "ታይሮይድ በምግብ የሚገባውን አዮዲን ከደም ውስጥ ይለቅማል። ከእሱ ቲ-ፎርና ቲ-ስሪ የሚባሉ ሆርሞኖችን ሠርቶ ያከማቻል፤ በልክ በልኩም ይለቃል። የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የአንጀት ሥራ፣ ማሰብም ጭምር በእነሱ ነው የሚሄደው። ልኩን የሚቆጣጠረው ፒቱታሪ ነው፤ ከአንጎል ሥር ያለ፣ አተር የምታህል ዕጢ ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ ቲኤስኤች የሚባል መልእክት ይልካል፤ 'ጨምር' ማለት ነው። ሲበዛ ዝም ይላል። ያኔ እንቅርትዎ ትእዛዝ መስማት ትቶ በራሱ ያመርት ነበር። አሁን ደግሞ ፒቱታሪዎ 'ጨምር' እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው ዕጢ ግን የለም።"

መሪጌታ ብዙ ቆይተው "አዮዲን ያለው ጨው ብበላስ?" አሉ።

"ጨው ጥሬ ዕቃው ነው። የሚሠራው ወጥቷል።"

"ኪኒኑስ?"

"ዕጢዎ ይሠራው የነበረው ራሱ ቲ-ፎር ነው። ሰውነትዎ እንደ ራሱ ይጠቀምበታል፤ ቲ-ስሪውንም ከእሱ ያወጣል። ድምፅዎን የወሰደው ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ የዚህ መጥፋት ነው።"

በዚያች ቃል የመሪጌታ ዓይን ሲነቃ አየሁ። እኔ ግን ከተማ የወረድኩት ለአንድ ጥያቄ መልስ ሳልይዝ ላልመለስ ነበር። "በጠዋት ውሃ የማይጠጣ ሰው እንዴት አድርጎ ይዋጠው?" አልኳት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ማታ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱ፤ ከእራት በኋላ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቆይተው። የሚቆርቡ ከሆነ ያን ማታ ይለፉትና ከቅዳሴ በኋላ ይዋጡት። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ሌሊት ቢዘገይ አይጎዳዎትም። ሳምንታት ሲታለፉ ግን ያየነው ይመጣል" አለች። ደም አስወስዳ ውጤቱን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ኪኒኑን አስጀመረቻቸው። ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤቹ እንዳለችው ከልክ በላይ ወጥቶ ነበር።

ማገገሙ ቸኩሎ አልመጣም። በፋሲካ ማግስት ሰው ሲፈስክ እሳቸው አሁንም ጋቢ ደርበው ያንቀላፉ ነበር፤ ግን በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር ይመለስ ጀመር፤ መጀመሪያ የእጃቸው ሙቀት፣ ከዚያ የፊታቸው እብጠት መጉደል፣ ቀጥሎም ሳልጨርስ የሚመልሱልኝ መልስ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደማቸው ተመርምሮ መጠኑ ተስተካከለ፤ ክረምቱ ሲገባም ጓሮ በቆሎ ስኮተኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በኩል የሚያስተምሩበት ድምፅ መጣ፤ እንደ ድሮው ከፍ ብሎ ሳይሰበር የሚወርደው፤ እኔም ዶማዬን ይዤ እስኪጨርሱ ቆምኩ።

ለዚያች ሐኪም፣ አብረውኝ ለመጡት የንስሐ አባታችን፣ ከሁሉ በላይ ለፈጣሪ ምስጋናዬ አያልቅም። ይህን የምታነቡ በቤታችሁ ዕጢው የወጣለት ሰው ካለ፣ የአንገቱ እብጠት ጠፍቷል ብላችሁ ኪኒኑን አታስተዉት። ሲበርደው፣ ሲያንቀላፋ፣ ድምፁ ሲሻክር እርጅና ነው አትበሉ፤ ቲኤስኤች አስመርምሩት። ጾምም ከሆነ ከመተው በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ጠይቁ፤ መንገድ አለው። በሽተኛው ራሱ መቀዝቀዙን አያውቀውምና አጠገቡ ያለ ሰው መጨቅጨቅ አለበት።

እኔ እስከ ዛሬ ማታ ማታ "ዋጡ?" እላቸዋለሁ። "ዋጥኩ" ይላሉ። አፋቸውን ከፍተው ካላሳዩኝ መብራቱን አላጠፋም።