ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሸክላ

አማቴ ላራይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸክላ የሠሩት ቆመው ነው። ናይጄሪያ ውስጥ፣ እኛ ግባግዪዎች ዘንድ ገንቦው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ትዞረዋለች። አማቴ ዞረው የሠሩትን ገንቦ፣ ገበያ ላይ “የላራይ ነው” ከተባለ ገዢ አይከራከርበትም ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ ግን አማቴ የሚሠሩበት የሸክላ ማሠልጠኛ አዲስ ሕግ አወጣ። ከተማ ገንቦ የሚፈልግ ጠፍቷልና ከእንግዲህ ማቃጠያው የሚቀበለው ቁጭ ብለው በእግር በሚያዞሩት መንኮራኩር የተሠራ ኩባያና ሳህን ብቻ ነው ተባለ። እስከ ዓርብ አንድ ኩባያ ያወጣች መንኮራኩር ይሰጣታል፤ ያላወጣች ለሌሎች ጭቃ ታቦካለች። እኔ ሥራዬ የማቃጠያውን እሳት ማንደድ ስለሆነ አልነካኝም። ግን አማቴ የሰው ጭቃ ሊያቦኩ ነው ብዬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የባሰው ደግሞ አስተማሪው ታንኮ መሆኑ ነው፤ የገዛ እህታቸው ልጅ።

ሰኞ ጠዋት የጭቃ ቅርጫታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡና መንኮራኩሩ ፊት ቁጭ አሉ። ጭቃውን መሃል ላይ ጣል አድርገው መንኮራኩሩን በእግራቸው ገፉት። ከዚያስ? ብድግ ብለው ወደ ኋላቸው መዞር ጀመሩ! አብረዋቸው የሚማሩት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

“አክስቴ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ! እሱ ራሱ ይዞርልዎታል” አላቸው ታንኮ።

“እሱ ከዞረማ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?”

“እጅዎን ያስደግፉበት። ደግሞ የገፉት በተቃራኒው ነው። ወደ ግራ ነው የሚዞረው።”

“ማን አለ?”

“እኔ ከተማ የተማርኩት እንደዚያ ነው።”

“ንፍጥህን ስጠርግልህስ በየት በኩል ነበር?”

ቢሆንም እንዳላቸው አደረጉ። ጭቃው ግን አሻፈረኝ አለ። ሲይዙት ይሸሻል፣ ሲለቁት ይንገዋለላል። ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ተገንጥሎ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ረቡዕ ከፍ ካለ በኋላ አንዱ ጎኑ ሳስቶ ተቀደደ። ማታ የማሽላ ገንፎ አቀረብኩላቸው። “ጨው አበዛሽበት” ብለው ገፉት። ጭራሽ ጨው አልጨመርኩበትም ነበር።

ሐሙስ ከማቃጠያው ጀርባ ብቻቸውን ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።

“ሠላሳ ዓመት የማውቀው ጭቃ ካደኝ” አሉኝ።

አጽናናለሁ ብዬ “ማቡካትም እኮ ሥራ ነው” አልኩ። ያዩኝን አስተያየት መቼም አልረሳውም። ምላሴን በቆረጠው!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራተኛው ጭቃ ሲፈርስ አማቴ ተሳደቡ፤ ከአፋቸው ይወጣል ብዬ የማልገምተውን ስድብ። ከዚያ እግራቸውን አንሥተው መንኮራኩሩን በንዴት ገፉት፤ ሰኞ በገፉበት በኩል።

“ኧረ አክስቴ፣ በተቃራኒው ነው!”

“ዝም በል!”

ጭቃው ሠላሳ ዓመት ገንቦ ሲዞሩ እጃቸው በለመደው በኩል እየዞረ ወደ እጃቸው መጣ። ከንፈራቸውን ነክሰው ቀስ አድርገው ወደ ላይ ሳቡት። አልወደቀም። አንድ ጎኑ ዘመም ያለ፣ ግን የቆመ ኩባያ ሆነ።

ታንኮ ከመንኮራኩሩ ላይ በክር ቆርጦ አነሣው። ከውስጥም ከሥርም አገላብጦ አየው። እንከን ሲፈልግ ያስታውቅበታል። ፊቱ ላይ ደስታ ብፈልግ አጣሁ። ሴቶቹ ሁሉ የሚለውን ይጠብቃሉ።

“ታዲያ አሁን የእኔን ጭቃ ማን ሊያቦካልኝ ነው?” አለ።

አማቴ ለሚቀጥለው ኩባያ ጭቃ እየቆረሱ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

“እጅህን ምን ነካው?” አሉት።