የደፈንኳቸው ሁለት ቀዳዳዎች

ይህን ታሪክ ለአንባቢ ማቅረብ ይገባ እንደሆነ አሁንም እጠራጠራለሁ። የሚያስደነግጥ አደጋ የለበትም፤ ውሃ ስለምታስገባ አንዲት መኪና ነው። ይሁን እንጂ በእኔ ጥፋት የሌላ ሰው ስም ስለጠፋ፣ ብናገረው ይቀለኛል ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የሆነው በዚህ ዓመት፣ በናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ወቅት ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ፓርክላንድስ፣ አጎቴ ጋሼ ግርማ ቤት ነው። ጋሼ መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። አንዲት ቀይ አሮጌ መኪናም አለቻቸው፤ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ልጃቸው ሳራ ከፋሲካ በኋላ ስትሞሸር በዚያች መኪና እንደምትሄድ ቃል ገብተውላት ነበር።

ችግሩ ጣሪያዋ ያፈሳል። ጋሼ ሠፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያለውን ካማውን ጠሩት። እንደ አገሬው "ፉንዲ" የምንለው መካኒክ ነው። ካማው የጣሪያውን ጠርዝ ዙሪያ በሚያሽጉት ጎማዎች ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰ፤ እኔን ውስጥ አስቀምጦ ጣሪያውን ዘጋና በቱቦ ውሃ ለቀቀብኝ። ውሃው ፓውደሩን እያጠበ ሲወርድ የትኛው ጎማ እንዳረጀ ታየ። እሱን ቀየረ። ሲሄድ "ፕሮፌሰር፣ ከእንግዲህ እንዳትነካት" አለኝ እየሳቀ።

እኔ ግን ነካኋት። ጋሼ ቤታቸው ተቀብለው ስላኖሩኝ አንድ ቁም ነገር ልሠራላቸው እፈልግ ነበር። ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት መኪናዋን ሳጥብ፣ ጣሪያው ከሚታጠፍበት ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሁ። ካማው ሳያያቸው ያለፋቸው መሰለኝ። ሲሊኮን ገዛሁና በጣቴ እየጠቀጠቅሁ ድፍን አደረግኋቸው። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ሲያውቁ ደስ እንዲላቸው ነበር ሐሳቤ።

ለሠርጉ ዋዜማ ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት የመኪናዋን በር ስንከፍት ውሃው እግራችን ላይ ፈሰሰ። ወንበሮቹ በስብሰው ነበር። ሳራ ቬሏን በእጇ ሰብስባ አየችን። በጎረቤት መኪና ሄደች።

"ያ ካማው ጉድ ሠራኝ!" አሉ ጋሼ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ቆሙ። የእኛ የናይሮቢ ሐበሻ ነጋዴዎች ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ መካኒክም የሚመርጡት እዚያ በሚሰሙት ነው። ጋሼ ስለ ካማው የሆዳቸውን ተናገሩ።

ሰኞ ካማው ወሬውን ሰምቶ ራሱ መጣ። ጋሼ ሱቅ ነበሩ። መኪናዋ ሥር ገብቶ ከሥር ባለች ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ሽቦ ሲሰድ የሲሊኮን ቁራጭ ወደቀ፤ ውሃው ተከትሎት ተንዠቀዠቀ።

"ሸራ መቼም ትንሽ ውሃ ያስገባል" አለኝ በስዋሂሊ። "እነዚህ ቀዳዳዎች የተሠሩት የገባው እንዲወጣ ነው፤ ሲደፈኑ መኪናዋ ውስጥ ይሞላል። ይሄ የማን ጣት ነው?" የጣቴ ምልክት ሲሊኮኑ ላይ ታትሞ ነበር።

"የእኔ።"

"ፖሌ፣ ፕሮፌሰር" አለ፤ አይዞህ ማለቱ ነው። "እኔ ብናገር ጥፋቱን በልጁ አላከከ ይሉኛል። አንተ ንገራቸው።"

እሺ አልኩት። ሦስት ሳምንት ግን ዝም አልኩ። ጠዋት ጠዋት ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ለመያዝ በጋራዡ በር ሳልፍ የሐበሾቹ መኪናዎች እየቀነሱ ሄዱ። አንድ ቀን አንድም አልነበረም። ካማው ባዶውን ግቢ ይጠርግ ነበር። ሰላም አለኝ እንጂ ስለ ነገሩ አላነሳብኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡት።

"እኔ ብቻዬን ብሰማው ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?" አሉኝ። "እኔ የተናገርኩት ዛፉ ሥር ነው። አንተም እዚያው ትናገራለህ።"

እሑድ ዛፉ ሥር ቆሜ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ "አይ የዩኒቨርሲቲ ሊቅ! የእኔን ቤት ጣሪያ እንዳትነካብኝ!" ሲሉ ሁሉም ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። "እኔም ሳላጣራ ነው የሰው ስም ያነሳሁት" አሉ።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ጋሼ ግን አፍረው በጋራዡ መንገድ ማለፍ ትተው ነበር።

ሳራ ዛሬ የሠርጓን ጠዋት እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔን ግን ያ ሦስት ሳምንት እስካሁን ይቆረቁረኛል። ካማው በየቀኑ አንድ ቃል ከእኔ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም በየቀኑ በበሩ አልፍ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጋሼ መኪናዋን ራሳቸው እየነዱ ወደ ጋራዡ ሄዱ፤ እኔንም ይዘውኝ ነበር። ብዙ አልተነጋገሩም። "ምንጣፉ ይሸታል። እስክትጨርስ አንተ ጋ ትቆይ" ብለው ቁልፉን ካማው መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። እኛ በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ቀኑ ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር።