ምርጫዋን የማትናገረው ተማሪዬ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት የማስተምረው ለደመወዜ ነው፤ ጎረቤቴን ያስተማርኳት ግን እናቷ ስለለመኑኝ ነው። ከእሷ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እኔ ኮሌጅ ስገባ እሷ ዐረብ አገር ሄደች፤ ብዙ ዓመት ቆይታም ተመለሰች። አሁን ደግሞ እንደገና ልትሄድ ተነሥታለች። ዐረብኛን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ በዚህኛው ዙር ግን የምትቀጠረው እዚያ የሚኖሩ የሌላ አገር ሰዎች ቤት ስለሆነ የሚፈለግባት እንግሊዝኛ ነው።

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ወድቃለች። የአስቀጣሪው ቢሮ ሴት በቪዲዮ ደውላ ሕፃን መያዝ ትመርጪያለሽ ወይስ አረጋውያን መንከባከብ፣ ብቻሽን መሥራት ይሻልሻል ወይስ ከሌላ ሠራተኛ ጋር፣ እያለች ጠየቀቻት። የኔዋ ለሁሉም «አስ ዩ ላይክ» አለች። እንደ ወደዳችሁ ማለቷ ነው። ሴትየዋም ይቺ ልጅ የራሷን ሐሳብ መግለጽ አትችልም ብላ ዘጋችው። በልመና አንድ ዕድል ተጨመረላት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ የለም።

ከአስር ሶላት በኋላ ትመጣና በረንዳችን ላይ እንቀመጣለን። እኔ ሰዋስው ደስ ይለኛል፤ ሕጉን የያዘ ሰው አፉ ይፈታል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ምርጫን የሚገልጹትን ዓረፍተ ነገሮች በሰንጠረዥ አወጣሁላት፤ በሁለት ቀን ጨረሰቻቸው። የቤት ዕቃውን፣ የልጅ ልብሱን፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ ያዘች። ጭንቅላቷ ፈጣን ነው። ችግሩ የመጣው ስለ ራሷ ስጠይቃት ነው።

«ዶሮ ትመርጫለሽ ወይስ ዓሣ?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«አይ ፕሪፈር» ብላ ትንሽ አሰበችና ዓሣ አለች። ጥሩ ነው፤ ምክንያቷን ጠየቅኳት። ለምክንያቱ እንግሊዝኛው አልበቃትም።

«ዶሮ ብል ማን ሊያርደው ነው? የናንተ ሰው ካረደው እኔ አልበላ፣ የኛ ሰው ካረደው አንቺ አትበይ። ዓሣ ከሆነ ሁላችንም እንበላለን።»

«እኔን ተይኝ። አንቺ ብቻሽን ብትሆኚስ?»

«ለብቻው ዶሮ የሚያርድ ሰው አለ እንዴ?»

ደሴ ስትሄጂ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ይሻልሻል ወይስ ከኋላ ብላትም አሮጊት ካለች ከኋላ አለችኝ። አሮጊት ከሌለችስ? አሮጊት የሌለችበት መኪና አይታ አታውቅም። ቀይ ቀሚስ ወይስ አረንጓዴ ብላት እናቷ የሚወዱት አረንጓዴ ነው አለችኝ። ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰው ቤት ገብቼ ምን ይምጣልሽ ስባል ይኼን አምጡልኝ ብዬ አላውቅም፤ እዚህ አገር እንደዚያ የሚል ሰው ይታዘቡታል። ግን ፈተናው የሚመጣው ከሌላ አገር ነው።

«እዚያ ስለ ጎረቤት የሚጠይቅሽ የለም» አልኳት። «ስለ ራስሽ ብቻ አስቢ።»

«አብሽሪ፣ እለምደዋለሁ» አለች።

ላትለምደው ትችላለች ብዬ ፈራሁና አንዱን መልስ በቃል አስያዝኳት። የሚበዛው ሥራ ሞግዚትነት እንደሆነ ሰምተናል፤ ስለዚህ «ከአረጋውያን ይልቅ ሕፃናትን እመርጣለሁ» የሚለውን ደጋግማ አለችልኝ። አንድም ስሕተት አልነበረውም።

የቃለ መጠይቁ ዕለት እነሱ ቤት ተቀመጥን። እናቷ የተማሪዬን ሴት ልጅ ይዘው እንዳይረብሹን ወደ ጎረቤት ወጡ። እኔ ስልኩ ከማያሳየኝ ጥግ ሆኜ እሰማለሁ። ያቺው ሴት ናት የደወለችው። ብቻዬን መሥራት እመርጣለሁ አለቻት። ከማታ ሥራ የጠዋት ይሻለኛል አለቻት። ደስ አለኝ፤ ቁጭ ብዬ የራሴን ሥራ የማደንቅ ሆንኩ። ከዚያ የጠበቅነው ጥያቄ መጣ፤ ሕፃናት ወይስ አረጋውያን?

ሻሿን አስተካከለች። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ላስታውሳት ሞከርኩ። ወደ እኔ አልዞረችም።

«አረጋውያንን እመርጣለሁ» አለች በጥሩ እንግሊዝኛ። «ሕፃን ባላሳድግ ይሻለኛል።»

ሴትየዋ ቋንቋዋን አመሰገነች። አሁን ያለው ቦታ ግን የሁለት ሕፃናት ነው፣ የአረጋውያን ቦታ አይመጣም፤ ትቀበያለሽ? አለቻት። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እሺ በይ እላለሁ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አለች፤ ስልኩ ተዘጋ።

«ምን ነካሽ?» አልኳት። «ያስጠናሁሽ መልስ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።» ስልኩን በሻሿ ጫፍ ትወለውላለች። «ስለ ራስሽ አስቢ ስትዪኝ አሰብኩ። ያኔ የአሠሪዎቼን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እኔ ካላጎረስኩት አይበላም። ልመጣ ስል ተኝቶ እያለ በጓሮ በር አስወጡኝ፤ ሲነሣ ምን እንዳሉት አላውቅም። የኔዋ ደግሞ እዚህ አንድ ዓመት ሳይሞላት ነው ትቻት የሄድኩት። ሽማግሌ ጉልበቴን ነው የሚወስደው። ልጅ ግን ሆዴን ይወስደዋል። ወላሂ ሁለተኛ አልችልም።»

ቦታው እንዳመለጣት ሳስብ አዝኜ ነበር፤ አሁን ያዘንኩት ለሌላ ነገር ሆነ።

እናቷ የልጅቷን እጅ ይዘው ገቡ። ጠይም ቀጭን ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አላወለቀችም።

«እንዴት ሆነች?» አሉኝ።

«በደንብ ተናገረች» አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

«አልሐምዱሊላህ። እና መቼ ነው ጉዞው?»

«እምቢ አልኳቸው፣ እማ» አለች ልጃቸው። «አልሄድም።»

እናትየው መደብ ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የቤቱ ግማሽ ግድግዳ ገና ሳይለሰን የቆመው የምትልከው ገንዘብ ሲመጣ ተብሎ ነው። ልጅቷ ጉልበታቸው ላይ ወጥታ አንገታቸው ሥር ገባች።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ከነገ ጀምሮ ልጅሽን ትምህርት ቤት የምታደርሻት አንቺ ነሽ። እኔ ደክሞኛል።»

ተማሪዬ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ አያቷ መለሰች።

«እሷ እኮ የምትመርጠው አንቺን ነው» አለቻቸው ተማሪዬ እናቷን። ይህን ስትል ምንም አላመነታችም።