የአማቴ መለከትና የዳላስ ቲኬት

አማቴ ከእጄ ምንም ነገር ተቀብለው አያውቁም ነበር። ሻርፕ ብሰጣቸው ገልብጠው የዋጋ ወረቀቱን ይፈልጋሉ። ካገኙት «ርካሽ ነው» ይላሉ፤ ካጡት «ለምን ላጥከው?» ይላሉ። በሁለቱም መንገድ ሻርፑ ወደ እኔው ይመለሳል።

አልፈርድባቸውም። እኔ መርካቶ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ፖስታ ቤት አካባቢ ለቱሪስት የምንሸጠውን የእንጨት ቅርጽ ሻይ እያጠጣሁ፣ የጫማ ቀለም እየቀባሁ፣ ጭስ ላይ እየሰቀልኩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት አስረጅ ነበር። ይህን ለአማቴ ያወራችላቸው ባለቤቴ ናት፤ ገና እጮኛሞች ሳለን፣ ልታስቃቸው ብላ። አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ነጋዴው» ነኝ።

ሚኒሶታ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ በኋላም ነጋዴው እንደሆንኩ ቀረሁ። ሥራዬ ኢስቴት ሴል ማሳደድ ነው። ሰው ሲሞት ወይም አረጋውያን ማቆያ ሲገባ ልጆቹ የቤቱን በር ከፍተው ከማንኪያ እስከ ፒያኖ ይሸጣሉ፤ እኔ በጠዋት ደርሼ የሚያዋጣውን ለቅሜ በሚኒቫኔ ጭኜ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። ስለዚህ ኒው ሆፕ ያለውን አፓርታማችንን ያቆሙት አማቴ ናቸው። ልጆቹን ያበላሉ፣ ያስተኛሉ፣ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ያሳፍራሉ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ይቆጧቸዋል፤ ሁለቱም ወገን በደንብ ይግባባል።

አገር ቤት መንግሥት በተቀየረበት ዓመት፣ ሐበሻ ሁሉ በየነዳጅ ማደያው ስለ ፖለቲካ ሲጨቃጨቅ፣ እኛ ቤት ያናወጠን የበግ ቀንድ ነበር። አማቴ የቸርቻችን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። ከኢየሩሳሌም ያመጡት ቀንደ መለከት ነበራቸው፤ ጉባኤው ጸሎት ሊጀምር ሲል የሚነፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ባለ እብነ በረድ ጠረጴዛ ሚኒቫኑ ላይ ስጭን ከሥሩ ቀንዱን የያዘው የእሳቸው ቦርሳ መኖሩን አላየሁም። ያን ጊዜ የተሰማው ድምፅ፣ ቀንዱ ያሰማው የመጨረሻው ድምፅ ነው።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ዳላስ ላለችው ልጃቸው ደወሉ። «ጸሎቴን በሚረግጥ ቤት ውስጥ ምን እሠራለሁ? ቲኬት ቁረጪልኝ» አሉ፣ እኔም እንድሰማ ስፒከሩን ከፍተው።

ባለቤቴ ወጥ ቤት ጠራችኝ።

«እማዬ ከሄደች ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል? አንተ? የሞተ ሰው ማንኪያ ስትለቅም ይዘሃቸው ልትዞር?»

«ሌላ ቀንድ በኢንተርኔት አዝዣለሁ እኮ።»

«ደርሷል። የቻይና በግ ነው ብላ ሳጥኑን እንኳ በቅጡ አልከፈተችውም።»

በዚያው ሳምንት ሴንት ሉዊስ ፓርክ ድረስ ድራይቭ አድርጌ አንድ ቤት ገባሁ። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በገና ዛፍ ሳጥንና በአሮጌ የበረዶ ጫማ መካከል፣ ክንድ የሚያህል ከእንጨት የተፈለፈለ ቀንድ ተጋድሟል። ቀላ ብሎ የጠቆረ፣ ቆልመም ያለ ነው። ጠባቡ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ሰውዬ ተቀርጿል፤ ተንበርክኮ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዓይኑን ወደ ላይ አንጋጦ። ከሰውዬው ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ ላይ፣ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። አሜሪካኖች ያገኙትን ሁሉ የመብራት ማቆሚያ ማድረግ ይወዳሉና፣ አንዱ ገመድ ሊያስገባበት የበሳው መሰለኝ።

አገላበጥኩት። አረጀ ማለት እንዲህ ነው፤ ግን ከመጠን በላይ አምሮ አርጅቷል። እንዲህ ያለ እርጅና እኔው ራሴ በሻይ ሠርቼ አውቃለሁ። «ፎርጅድ ነው፣ ግን የጎበዝ እጅ» ብዬ ፈረድኩ።

የሟቹ ልጅ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አባቴ ድሮ ከአፍሪካ ያመጣው ነው። አንተ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ አይደል?» አለችኝ። ከአፍሪካ ለመጣ ሰው አላውቀውም ማለት ነውር ነው። በጥልቅ ሐሳብ ውስጥ እንዳለ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በቃ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው» አለችና በምሳ ዋጋ ለቀቀችልኝ። እኔም ወደ አገሩ፣ ወደ ኒው ሆፕ፣ ይዤው ሄድኩ።

መንገድ ላይ መኪናዬን አቁሜ ሞከርኩት። በሰፊው አፍ ብነፋ ምንም የለም። ጠባቡን ጫፍ ሰውዬው ዘግቶታል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ፤ ለጸሎት ሰው የማይከፈት ነገር የለም።

ቤት ስደርስ አማቴ አልጋ ላይ ሻንጣ ዘርግተዋል። ቀንዱን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጬ ዝም አልኩ፤ ከንግድ ዘዴ ሁሉ ዝምታን የሚያህል የለም። አንስተው ገለበጡት። የዋጋ ወረቀት ፈለጉ። ከዚያ ሰውዬውን አዩት።

«ይኼ ምን እያደረገ ነው?»

«ለእርስዎ ምን ይመስልዎታል፣ እማማ?»

ጣታቸውን በጉልበቱ ላይ አሳለፉ። «ተንበርክኮ ይጸልያል። ከየት አመጣኸው፣ ነጋዴው?»

«ከአንድ አማኝ ቤት።» ዋሸሁ አይባልም፤ የገና ዛፍ አይቻለሁ።

«እሑድ ጉባኤ ላይ እነፋዋለሁ። ድምፅ ካለው እቀመጣለሁ። ከሌለው ማክሰኞ ዳላስ ነኝ» አሉና ሻንጣውን ሳይዘጉ ተዉት።

ቸርቻችን ፕሊማውዝ ውስጥ በመጋዘኖች መሃል ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት የእኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ የኮንጎዎች። ውሉ የሚለው እንዲህ ነው። እኛ ግን መንፈስ የሚበረታብን ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ኮንጎዎቹ በየሳምንቱ እንደ ከረሜላ የደመቀ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ፤ አንድ ረጅም ዲያቆናቸው ደግሞ በበሩ መስታወት በኩል የእጅ ሰዓቱን መታ መታ እያደረገ ያሳየናል። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን እንጸልያለን።

ያን እሑድም ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው መድረክ ላይ ወጡ። በሰፊው አፍ ነፉ፤ ፉ የሚል ነፋስ ብቻ። ቀንዱን አዙረው የሰውዬውን ጭንቅላት ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ሳሙት እንዴ?» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ታክሲ ነጂ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

እንደገና ነፉ። ጉንጫቸው ተነፋ፣ ቀንዱ አልተነፋም። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ማክሰኞ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ረጅሙ የኮንጎ ዲያቆን ሰዓቱን እያሳየ ገባ፤ ከዚያ ሰዓቱን ረሳው። በወንበሮቹ መሃል ቀስ ብሎ ሄደና መድረኩ ሥር ሲደርስ ሁለት እጁን ዘረጋ። አማቴ፣ ለማንም ምንም የማያውሱት ሴት፣ እንጃ ምን እንደነካቸው፣ ሰጡት። አላገላበጠውም። አግድም ይዞ ያን የመብራት ቀዳዳ ያልኩትን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና ነፋ።

ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነበር። የጣሪያው የቆርቆሮ ቱቦ አብሮ ነዘረ። ጉባኤው ሃሌሉያ ብሎ ብድግ አለ። ኮሪደር ላይ የነበሩት ኮንጎዎችም እየዘመሩ ገቡ፤ የማን ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ።

ሲረጋጋ ዲያቆኑ ፈረንሳይኛ በተቀየጠ እንግሊዝኛ ነገረን፤ ለአማቴ እኔ አስተረጎምኩ። የአያቶቹ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው። የኮንጎ ንጉሥ ሲወጣ ከፊት ከፊቱ ይነፋል፤ መንገድ ልቀቁ ማለት ነው።

«ይኼ የሚጸልየውስ?» አሉ አማቴ።

«እየጸለየ አይደለም፣ እማማ። ለንጉሡ ነው የተንበረከከው።»

«ጣዖት ይሆን?» የሚል ሹክሹክታ ከፊት ወንበር ተነሳ። አማቴ ሰውዬውን ትክ ብለው አዩት።

«ንጉሥ ሲመጣ ይነፋል ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛስ ማንን ነው የምንጠብቀው?» አሉና ጉባኤውን ዞረው አዩ። አሜን ከማለት በቀር ማን ምን ይላል?

ዲያቆኑ ቀንዱን ከመመለሱ በፊት ለእኔ የቀዳዳውን ጠርዝ አሳየኝ። «ይህን ያለሰለሰው ከንፈር ነው» አለኝ። ጣቴን አሳለፍኩበት። ልክ ነው፤ አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል፣ ሰው ሲነፋ በሚደገፍበት በኩል። እንጨት በሻይ ይጠቁራል፣ በጭስ ያረጃል፤ ከንፈር ግን በሻይ አይሠራም። እንኳን ያደረግኩት፣ ያሰብኩትም ጊዜ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ፎርጅዱን እውነተኛ ነው ብዬ ስሸጥ ኖሬ፣ አንድ እውነተኛ ዕቃ እጄ ቢገባ ፎርጅድ ነው ብዬ በነፃ ሰጠሁት። መልሱልኝ ልበል? አማቴን? በጉባኤ ፊት?

አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ምን እንደሰጠኸኝ ያወቅከው አሁን ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ፊትህ። አውቀህ ብትሰጠኝ ኖሮ አልቀበልህም ነበር።»

ከዚያ ከዲያቆኑ ጋር ተስማሙ፤ እሑድ ቀንዱ እስከ ሰባት በእኛ፣ ከሰባት በኋላ በእነሱ ይነፋል፤ በሌላው ቀን እሳቸው ጋ ይቆያል። አነፋፉን ደግሞ እሱ ያስተምራቸዋል፣ እሑድ እሑድ ኮሪደር ላይ፣ በሁለቱ ጉባኤዎች መሃል። አማቴ ትምህርት እንዳያመልጣቸው ብለው ጸሎቱን ስለሚያሳጥሩት፣ ቸርቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መውጣት ጀመረ። ለተንበርካኪው ሰውዬ የዳንቴል ቆብ ሠሩለት፣ የሚኒሶታን ብርድ አይችልም ብለው። ዲያቆኑ ቆቡን ሲያይ ሳቁን ለማፈን ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ዳላስስ?» ብላ ባለቤቴ ጠየቀቻቸው።

«አነፋፉን እስክችል እቆያለሁ» አሉ። ሻንጣው ግን እንደተከፈተ አልጋው ሥር ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደታመመ ጥጃ ነበር የሚያሰሙት፤ ከሥር ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድብልን ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። በረዶው ከጣለ በኋላ ግን አንድ ከሰዓት ከመኝታ ቤታቸው ያ ድምፅ ወጣ። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ሙሉ። ጎረቤቱም መጥረጊያውን አላነሳም።

«ግራንድማ ዲድ ኢት!» ብላ ትንሿ ልጄ ከሶፋው ዘለለች።

«ዝም በይ፣ ገና አልቻሉትም» አልኳት ቶሎ ብዬ።

አማቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ቀንዱን ታቅፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ። «እንዴት ነው፣ ነጋዴው? ወጣልኝ?»

የባለቤቴ ሺፍት ትዝ አለኝ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡሱ፣ የዳላሱ ቲኬት። ጥሩ ዕቃ ሲያቀርቡልኝ እንደማደርገው አንገቴን ዘመም አድርጌ ትንሽ አሰብኩ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እማማ።»

የዋጋ ወረቀት እንደሚፈልጉ ሁሉ ፊቴን በዓይናቸው ገለበጡት።

«እኔም ትንሽ እንደሚቀረው ታውቆኛል» አሉና፣ በሩን መልሰው ዘጉ።