ካውያው ያረፈበት መስመር

አሰላ ውስጥ ኮት ለብሶ ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሰው ካያችሁ፣ ኮቱ የኔ ነው። ኮምፒውተሬ ውስጥ አንዲት ጥቁር ኮት ከነከረባቷ አለችኝ፤ ገበሬውንም ነጋዴውንም እሷኑ አልብሼ ነው የምሸኘው። ፎቶሾፕ ያስተማረኝ ሰው የለም። የማላውቀውን ሁሉ እየነካካሁ፣ ያበላሸሁትን እየመለስኩ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬ በዚህ ከተማ ከኔ የሚበልጥ የለም፤ አለ የሚል ካለ ሱቄ ክፍት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ዲፕሎማ ያላቸው ሁለት ልጆች እንደኔው ፎቶ ቤት ከፍተዋል። ዲፕሎማቸውን በመስታወት አድርገው በሩ ላይ ሰቅለውታል፤ እኔ ብሆን እደብቀው ነበር። ያረጀ ፎቶ ስትሰጣቸው ስልካቸውን አንዴ ጫን ያደርጉና አጎትህን የህንድ አክተር አድርገው ይመልሱልሃል። ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ያልነበረው ሰውዬ ጥርስ አብቅሎ ይወጣል። ቤተሰቡም አመስግኖ ይወስዳል፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

አንዲት እማማም መጀመሪያ የሄዱት እነሱ ጋ ነው። ከበቆጂ በጠዋት ተሳፍረው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው። ከቦርሳቸው ሁለት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

"ይሄን አይተህ ፍረድ፣ ልጄ።"

አንደኛው ባላቸው በወጣትነቱ ኮምባይነር መንዳት ሰልጥኖ ያገኘው የምስክር ወረቀት ነው። በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተሞላ። መሃሉን የከሰል ካውያ አፍንጫ ተርኩሶታል፤ ልክ "ውጤት" የሚለው መስመር ላይ። ሁለተኛው የልጆቹ ሥራ ነው። ዙሪያውን ወርቃማ ሐረግ፣ ፊደሉ የኮምፒውተር፣ ውጤት፦ እጅግ በጣም ጥሩ።

"ውጤቱን ማን ነገራቸው?"

"እኔ ነኛ። ሰውዬው ሁሌ የሚለው እንደዛ ነው።"

"ታዲያ ምን ጎደለው?"

"የሰርግ ጥሪ ይመስላል። ይሄን ሳሳየው ከት ብሎ ነው የሚስቅብኝ።"

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እንግዳ ቤታቸው በገባ ቁጥር፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ባልየው ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ወደዚሁ ወረቀት ይቀስራል አሉ። "ከሰልጣኞቹ አንደኛ ነበርኩ። ይቺ ናት ያቃጠለችብኝ" ይላል። ይሄው ሰላሳ ዓመት። ወረቀቱ የተቃጠለ ቀን ሸሚዙን እየተኮሱ ጎረቤት ጠርታቸው ወጡ፤ ሲመለሱ ካውያው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል። አሁን ደግሞ ለፋሲካ የልጅ ልጃቸውን ያጩት ሰዎች ሊመጡ ነው።

"በአማቾቼ ፊት እንዳይለኝ ነው። ጥቁሩን አጥፋልኝ በቃ።"

እዚህ ጋ ነው እኔና እነዛ ባለዲፕሎማዎች የምንለያየው። እነሱ የነገሯቸውን ይጽፋሉ፤ እኔ የተጻፈውን አወጣለሁ። ወረቀቱን ስካን አደረግኩት። ኮምፒውተር ላይ ምስል ማለት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተደራርበው ነው። ሶስቱን ነጣጥዬ ቀዩን ብቻ ሳስቀር ቡኒው ቃጠሎ እንደ ጉም ሳሳ፣ የእስክሪብቶው ሰማያዊ ደግሞ ጠቁሮ ብቅ አለ። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩም። ቢያስተምሩም ማዶ ያሉት አይገባቸውም።

ታዲያ ጉራ አይደል፣ እኔ ራሴ ሳላነበው ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት።

"ይዩልኝ እማማ።"

መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ አሉ። አነበቡ። እንደገና አነበቡ።

"በቂ" አሉ።

አየሁት። በቂ ይላል። በቂ ማለት ኮምባይነሩን ገደል አልከተተውም ማለት ነው። ከሱ በታች ያለው ውጤት መውደቅ ብቻ ነው።

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። "ካውያውን የማሳርፈው ሰሃን ላይ ነበር" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ከሰል የያዘ ካውያ ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥማ። ጠርዟ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰሃን ነበረችኝ። ያን ቀንም እሷው ላይ አስቀምጬ ነው የወጣሁት። እሱ ሲጮህብኝ ግን ረስቼው ይሆናል አልኩ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አካስ" አሉ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። እንዲህ ነው ለካ ማለታቸው ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባልየውን በልቤ አንቱ ማለት አልሆነልኝም። አንዲት ቃል ለመሸፈን ካውያ ያነሳል፤ ከዚያ ሰላሳ ዓመት ሙሉ በሚስቱ ያሳብባል። ደግሞ ፈሪ ነው እኮ፤ ደፋር ቢሆን ወረቀቱን ጠቅልሎ እሳት ውስጥ ይከተው ነበር። ግድግዳ ላይ መሰቀሉንም አልጠላማ።

"ታዲያ ጥቁሩን ላጥፋልዎት?" አልኳቸው።

"ተወው። ግድግዳው ላይ እንደተቃጠለ ይመለስ። ይሄን አሁን የሚታየውን ግን በትንሹ አውጣልኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ የሚገባ። ላሚኔትም አድርገው፤ ብዙ ልይዘው ነው።"

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም አብረው መጡ። ባልየው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነው። ረዥም፣ ፂሙን የተላጨ፣ ሲገባ ሱቁን የገዛው የሚመስል።

"ኮት ትጨምራለህ አሉ?"

"ከነከረባቱ፣ አባባ። ይቀመጡ።"

እማማ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። "ቀና በል እንጂ አንደኛ" አሉት። ቀና አለ።

ፎቶውን አንስቼ ኮቷን እየለካሁለት ምላሴን አሳከከኝ።

"አባባ፣ ያ ግድግዳ ላይ ያለው የምስክር ወረቀት እንዴት ተቃጠለ? እማማ ናቸው አሉ።"

ወደሳቸው ዞሮ አየ። እማማ የቦርሳቸውን ዚፕ ትንሽ ከፈቱት። በጣም ትንሽ፤ የላሚኔቱ ጫፍ ብቻ እስኪታይ።

"ወረቀት ነው" አለ። "ያረጃል።"

"የካውያ ቅርፅ አለው እኮ።"

"አንተ ኮቱን አልብሰኝና ዝም በል።"

አለበስኩት። እማማም ዚፑን ዘጉት።